ይታይሽን እናቷ ቤት ሳደርስ

ይህን የምጽፈው በእኛ መደዳ ለነበራችሁና አሁን በየቦታው ለተበተናችሁ ሴቶች ነው። ብዙዎቻችሁ ወደዚያ አገር እንደማትሄዱ አውቃለሁ። እኔም የይታይሽ ክንድ ባይሰበር ኖሮ አልሄድም ነበር። ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘችኝ ሁሉ «እንዴት ነው አገሩ? እሷስ እንዴት ናት?» ትለኛለች። አንዱን ነገር ደጋግሞ ማውራት ደከመኝና ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

የማታውቁኝ ካላችሁ ሮማን እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ባቡር በሚያልፍባት ቆላ ከተማ ነው፤ ስሟን ልተወው። ይታይሽና እኔ በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ክፍል ተከራይተን፣ ሲመሽ ዋናው መንገድ ዳር እየቆምን ብዙ ዓመት ሠርተናል። ሴተኛ አዳሪዎች ነን። ድሮ ሕጉ እኛን አይከስም፣ የሚከሰው በእኛ የሚነግደውን ነው ይሉን ነበር። ደንብ አስከባሪ ያባርረናል፣ እንሮጣለን፣ ተመልሰን እንቆማለን፤ ያው ለምደነው ነበር። ከዚያ አዲሱ ደንብ መጣ። መንገድ ዳር መቆም ተከለከለ፤ ለእንዲህ ዓይነት ሴት ያከራየ ሰውም ቤቱ ይታሸግበታል ተባለ። አከራያችን ባልቴት ናቸው። በራችንን አንኳኩተው «ልጆቼ፣ ጠልቻችሁ አይደለም፤ ከዚች ቤት ሌላ ጧሪ የለኝም» ብለው አለቀሱ። አስወጭዋ እሳቸው፣ አጽናኞቹ እኛ ሆንን።

ዋናው መንገድ ላይ መብራት ነበር። ሱቅ ነበር። ዘበኛው በስማችን ይጠራን ነበር፤ አንዷ መኪና ውስጥ ስትገባ ሌላዋ ታርጋውን ታይላት ነበር። ከዚያ ስንባረር ከከተማ ወጥተን ከባድ መኪና ወደሚያድርበት ሜዳ ሄድን። እዚያ ማንም ማንንም አያይም። ይታይሽን አንድ ሰው በብረት ደበደባት። ጀሶ ካሳሰርናት በኋላ ልትከስ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ቃል የሚቀበለው ሰው ገና ቦታውን ስትጠራ «እዚያ ሜዳ ላይ ምን ትሠሪ ነበር?» አላት። ይታይሽ እኔን አየችኝ። እኔም እሷን አየኋት። ተነስተን ወጣን።

በሳምንቱ «እናቴ ጋ አድርሽኝ» አለችኝ። ከደብረ ታቦር በላይ፣ ከጉና ተራራ ሥር ነው አገሯ። በልጅነቷ ከወጣች ወዲህ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሄደችው። ለእናቷ ትልቅ ሆቴል ወጥ ቤት እሠራለሁ ብላ ነው የምትነግራቸው።

አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አድረን፣ በመጀመሪያው ቀን ጎህ ሳይቀድ ከዚያ ተነሳን። አውቶቡሱ ጠባብ ነበር፤ ጀሶዋን በእያንዳንዱ ጉድጓድ እኔ ደግፌ ስይዝ የራሴ ክንድ ደነዘዘ። ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ቤታችን ሆነና ሰውነቴ ተፍታታ። «አገርሽ እንዲህ ከሆነማ እኔም እቀመጣለሁ» አልኳት። ሳቀችብኝ። ወዲያው ዳገቱን ወጣን፤ ከዚያ ወዲህ እስክመለስ ድረስ ሞቆኝ አያውቅም።

በየኬላው ውረዱ እንባላለን፤ እንፈተሻለን፤ መታወቂያ እናሳያለን። አንዱ ፈታሽ መታወቂያዬን አገላብጦ «የቤት እመቤት ይላል። ባልሽ የታለ?» አለኝ።

«ሞቷል» አልኩት።

«ነፍስ ይማር» አለና በአክብሮት መለሰልኝ። ያላገባሁትን ባል እዚያው አስፋልት ላይ ቀብሬ ተሳፈርኩ።

ባሕር ዳር ስንደርስ መሸት ብሎ ነበር። አንድ ፔንሲዮን ገብተን አልጋ ጠየቅን። እንግዳ የምትቀበለው ልጅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ በጣቷ አሳየችን። ተመሳሳይ ጾታ በአንድ አልጋ ማሳደር ክልክል ነው ይላል። ደክሞኝ ስለነበር ሳቅም ቁጣም አቃተኝ። ቤታችን ከወንድ ጋር ገባችሁ ተብለን ተባረርን፤ እዚህ ደግሞ ያለ ወንድ መጣችሁ ተባልን። «እህቴ፣ ይቺን ሴት ማን ልብሷን ያወልቅላት? ማን ሽንት ቤት ይውሰዳት?» አልኳት። ልጅቱ የይታይሽን ክንድ አየች፤ ወደ ጓዳ ገብታ ፍራሽና ብርድ ልብስ ጎትታ መጣችና «አንዳችሁ መሬት ላይ ተኙ፤ ከተጠየቅሁም አስታማሚ ናት እላለሁ» አለች። ቁልፉን ስትሰጠኝ ደግሞ ሙቅ ውሃ በጆግ ጨመረችልኝ።

በማግስቱ ሐሙሲት የሚባል ከተማ ደረስን፤ ከባሕር ዳር ሩቅ አይደለም። የገበያ ቀን ነበር። ገበያው ከእኛ ገበያ ይለያል፤ የእኛ በድምጽ ማጉያ ይጮሃል፣ ይሄኛው የሰውና የአህያ ድምጽ ብቻ ነው። እሸት ሽምብራ ከነሥሩ ተሸክመው ይሸጣሉ፤ እየፈለፈልን በላን። ሚኒባሱ ግን ከዚያ አላለፈም። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ «ወደ ላይ መንገድ ተዘግቷል፤ ሲከፈት እንሄዳለን» አለ። መቼ ነው የሚከፈተው ብዬ ብጠይቅ «እሱን የሚያውቅ እሱ ነው» ብሎ ወደ ሰማይ አሳየኝ። ሌላው ተሳፋሪ እንደለመደው ሰው ሻንጣውን አውርዶ አልጋ ፍለጋ ሄደ። እኛ በዝግታ ስንደርስ አልጋው ሁሉ ተይዞ አልቆ ነበር።

ይታይሽ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ፣ ክንዷን ታቅፋ ስታቃስት አንዲት ሽንኩርት የሚሸጡ ሴትዮ እቃቸውን እየሰበሰቡ አዩዋት። እትዬ ጥሩ ይባላሉ።

«እታለም፣ በዚህ ክንድ ሜዳ ልታድሪ ነው?» አሏት።

«አልጋ ጠፋ፣ እመየ» አለች። በአንድ ቃል ንግግሯ ተለወጠ፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።

«አልጋ ቢጠፋ ቤት ይጠፋል? ተነሱ እንጅ።»

የእትዬ ጥሩ ቤት ሁለት ክፍል ነው። ልጃቸው ብርቱካን ከዓረብ አገር የተመለሰች ናት። ጾም ስለነበር ሽሮና ጎመን አቀረቡልን። እኛ አገር እንግዳ ከበላ «ጨምሩ» ይባላል፤ እነሱ ግን ካልጎረስሽ ብለው አፌ ላይ አፈጠጡ። እየጠገብኩ በላሁ። ማን ናችሁ፣ ከየት ናችሁ ሲሉኝ የትውልድ ከተማዬን ነገርኳቸው፤ ምን ትሠራላችሁ የሚለውን አልጠየቁም። መንገደኛ መሆናችን በቃቸው መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀንም መንገዱ አልተከፈተም። ብርቱካን ውሃ አሙቃ የይታይሽን ፀጉር ልታጥብላት በረንዳ ላይ አስቀመጠቻት። ከተሰበረች ወዲህ በደንብ አልታጠበችም ነበር፤ ከፀጉሯ የደረቀ ደም ወጣ። ብርቱካን ውሃውን ደፍታ ሌላ ቀዳች እንጂ ምንም አላለችም። ኋላ ግን እያበጠረቻት፣

«እኔ ስመለስ እነዚህ የፊት ጥርሶቼ አልነበሩም። የአሁኖቹ የተተከሉ ናቸው» አለች።

«እናትሽ አልጠየቁሽም?» አለቻት ይታይሽ።

«ደረጃ ላይ ወደቅሁ አልኋት። በዚያ አገር ደረጃ ብዙ ነው።»

ከዚያ ይታይሽ እንደተጎነበሰች፣ በፀጉሯ መሐል፣ «ሮማን፣ እንመለስ» አለችኝ። «እናቴ ፊቴን ስታየው ታውቃለች። እንመለስ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መመለስን እኔም ፈልጌው ነበር። ብርዱ አጥንቴ ገብቷል፤ ጀርባዬ ተቆርጧል፤ የማላውቀው አገር ነው። ግን ወዴት ነው የምንመለሰው? ክፍላችን ሌላ ሰው ገብቶበታል። ሜዳው ነው የቀረን። «ከደብረ ታቦር ወዲህ አልመለስም» አልኳት። ጥንካሬ እንዳይመስላችሁ፤ ሌላ መሄጃ ማሰብ ደክሞኝ ነው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሹፌሩ ቤት ለቤት እየዞረ ጠራን። እትዬ ጥሩ ቋጠሮ ሽንኩርት ሰጡን፤ እምቢ ብንል ሊቀየሙ ነበር። ወረታ ላይ ምሳ በላን። እዚያ አገር ሩዝ ይበቅላል፤ እንጀራውም ሩዝ ገብቶበት ነጭ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። ከወረታ ወደ ቀኝ ታጥፈን ዳገቱን ስንጀምር፣ ዓለም በር ሳንደርስ ጎማው ፈነዳ። ትርፍ ጎማውም ነፍሱ ወጥታለች። ሹፌሩ ጎማውን አንከባሎ በሚያልፍ አይሱዙ ሄደ። እኛ ከመንገዱ ዳር ነፋስ እየመታን ተቀመጥን። ማሳ ያጭዱ የነበሩ ባልና ሚስት ጠሩንና ከነዶው ጥግ አስጠለሉን፤ ጠላና የተቆላ ገብስ አቀረቡ። ባልየው ክንዷን አይተው «እግዜር ይማርሽ፤ አጥንት ነው፣ ይጋጠማል» አሏት። ከተነሳን ወዲህ ያ ሰዓት ቀለለኝ።

ደብረ ታቦር ከሰዓት በኋላ ገባን። ባጃጁ እንደኛው ከተማ ባጃጅ ነው፤ ጩኸቱ፣ ከኋላው የተጻፈው ጥቅስ ሁሉ። ሰዉ ግን ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነው የሚሄደው። ይታይሽ ዓለምነሽ የምትባል አብሮ አደጓን ታውቃለች፤ አንዲት ትንሽ ግሮሰሪ ውስጥ ትሠራለች። ሥራው የእኛው ነው። በሯን ስናንኳኳ ዓለምነሽ ይታይሽን አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ ክንዷን አይታ ማልቀሷን አቆመች።

አብረዋት የሚሠሩ ሴቶች መጥተው አልጋው ላይ፣ መሬቱ ላይ ተቀመጡ። እናንተ ክፍል የተቀመጥኩ መሰለኝ፤ ያው ቅባት፣ ያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የእመቤታችን ሥዕል። የጠየቁኝም ስለ ሌላ ነገር አይደለም።

«እናንተ አገር የወጣው ደንብ እዚህም ሊመጣ ነው እያሉ ያወራሉ» አለች ዓለምነሽ። «ወሬ ይሁን እውነት አናውቅም። ሲመጣ እንዴት ነው የሚመጣው?»

ስለ በረዶ ወይም ስለ አንበጣ እንደሚጠየቅ ነው የጠየቀችኝ። እኔም እንደዚያው ነገርኳቸው። መጀመሪያ ስብሰባ ይጠሯችኋል፤ ውሃ በላስቲክ ይሰጧችኋል። ከዚያ አከራያችሁ ፊቷን ታዞራለች። ከዚያ ከመንገድ ትነሳላችሁ።

«ሌላ ሥራ ይሰጣሉ ይባላል?» አለች አንዷ።

«ፀጉር ሥራ አሠልጥነውናል። ለፀጉር ሥራ ግን ቤት መከራየት ያስፈልጋል። ለእኛ ያከራየ ደግሞ ይታሸግበታል።»

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ኋላ ዓለምነሽ «ታዲያ ምን ትመክሪናለሽ?» ስትል ሁሉም አዩኝ። እኔ ማን ነኝና ልምከር? «ከመብራት አትራቁ» አልኳቸው። «ከተባረራችሁም አንድ ላይ ተባረሩ። ብቻዋን ሜዳ የምትሄድ አትኑር።» ይታይሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። ዓለምነሽ አልጋዋን ለእኛ ለቃ እሷ መሬት ተኛች፤ ጋቢዋን ደግሞ ለይታይሽ ደረበችላት፤ በዚያ ብርድ።

በማግስቱ ወደ ክምር ድንጋይ አቅጣጫ በሚኒባስ ሄደን ከመንገዱ ወረድን። ወንድሟ ስንታየሁ የተዋሳትን በቅሎ ይዞ ይጠብቀን ነበር። እህቱን አስቀመጣትና እኔና እሱ በእግር ተከተልን። እኔ ሜዳ ላይ ያደግኩ ሴት ነኝ፤ ዳገቱ ትንፋሼን ቆረጠው። በየጥቂቱ ስቆም ስንታየሁ ሳይሰለች አብሮኝ ይቆማል። የሚያወራው ስለ ገብሱ ነው፤ ውርጭ እንደመታው። አልፎ አልፎ ግን ክንዷን በዓይኑ ይሰርቃል።

እናቷ ወይዘሮ ሙጭት አውድማው ዳር ቆመው ነበር። ቀጭን ናቸው፤ ነጠላቸውን አደግድገዋል። ልጃቸው ከበቅሎ ስትወርድ ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ ከዚያ ጀሶውን ሳሙ። እኔንም እንደሷው ሳሙኝ። ምን ሆነሽ አላሉም። ጎረቤቱ ግን ማታ ተሰብስቦ ጠየቃት፤ ይታይሽም «ደረጃ ላይ ወደቅሁ» አለች። አንዱ ሽማግሌ ደረጃ ምን ያህል ከፍ ቢል ነው ብለው ተገረሙ። ሌላዋ ደግሞ «እንግዲህ የሆቴል ወጥ ቤት ናት፤ ክንዷ ሲድን እጇን እንቀምሳለን» አለች። የይታይሽን ወጥ የቀመሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያን ጊዜ ብቻ ነው ስብራቱ የጠቀማት። የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ በላን። እኔ እሳቱ ዳር ተቀምጬ አንቀላፋሁ፤ ማን እግሬን እንዳጠበኝ እንኳ አላውቅም።

በነጋታው ጠዋት ሣሩ ሁሉ በውርጭ ነጥቶ ነበር። ወይዘሮ ሙጭት ኩበት እንልቀም ብለው ጠሩኝ። ይታይሽ ተኝታ ነበር። ከቤቱ ራቅ ስንል ጎንበስ እንዳሉ፣ ሳያዩኝ፣

«ልጄን ማን ነው የመታት?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ደረጃ ላይ...»

«የወደቀ ሰው ይህን አይመስልም። እኔም ተመትቸ አውቃለሁ፤ አባቷ ነፍሱን ይማረውና። ማን ነው?»

መዋሸት አቃተኝ። «የማናውቀው ሰው ነው» አልኳቸው።

«ታሰረ?»

«አልታሰረም።»

«ምነው? ዳኛ የለም አገራችሁ?»

እንዴት አድርጌ እንደነገርኳቸው አላውቅም። እሷ በነበረችበት ስፍራ ማታ መቆም በአዲስ ደንብ ተከልክሏል፣ ከሳሽ ሆና ብትሄድ ተከሳሽ ሆና ትቀራለች አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምን እንደተናገርኩ ገባኝና አፌን ያዝኩ። በዚያ ስፍራ፣ በዚያ ሰዓት የምትቆም ሴት ማን እንደሆነች ለማወቅ ከተማ መኖር አያስፈልግም። «ሥራው... እትዬ፣ ሥራችን...» እያልኩ መንተባተብ ስጀምር ወይዘሮ ሙጭት ቀና አሉ።

«ሥራዋን አልጠየቅሁሽም» አሉኝ። «የጠየቅሁሽ ማን እንደመታት ነው።»

ከዚያ የያዙትን ኩበት ጣል አድርገው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም። ለብዙ ጊዜ ወደ ጉና አዩ። «አደራ፣ እንዳወቅሁ አትንገሪያት። ትሸሸኛለች» አሉኝ። ኩበቱን ለቅመን ተመለስን።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ዋልኩ። ይታይሽ ከኔ ጋር ልትመለስ ሻንጣዋን በአንድ እጇ ስትታገል እናቷ ከእጇ ተቀብለው ቆጥ ላይ ሰቀሉት። «ክንድሽ ሳይድን የትም አትሄጅም» አሏት። አልተከራከረችም። እኔም ደስ አለኝ፤ ቅናትም ያዘኝ።

ወይዘሮ ሙጭት በሶ በከረጢት ቋጥረው እስከ መኪናው መንገድ ሸኙኝ። እኛ አገር ሽኝት እስከ በር ነው። ቁልቁለቱን እጄን ይዘው አወረዱኝ፤ አሮጊቷ እኔን ደገፉ እንጂ እኔ እሳቸውን አልደገፍኩም። ሚኒባስ ስንጠብቅ፣

«ያንችስ እናት የት ናት?» አሉኝ።

«ሞታለች፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ክንድሽ ቢሰበር ወዴት ትሄጃለሽ?»

ትንሽ ጠበቁኝ። ኋላ ነጠላዬን አስተካከሉልኝና «መንገዱን እንደሁ አይተሽዋል» አሉኝ። ሚኒባሱ መጣ። ተሳፍሬ ወረታ እስክደርስ ድረስ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ነበር።

የመልሱ መንገድ ክፍት ነበር፤ ስለሱ የምጽፈው የለኝም። ቤት ስደርስ ሙቀቱ እንደ እናት ያቅፈኛል ብዬ ነበር፤ አቧራውና ዝንቡ ተቀበለኝ። አሁን ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል አለን፤ ለአከራዩ ሻይ እንሸጣለን ብለነዋል። እውነትም ቀን ቀን እንሸጣለን። ማታ ወደ ሜዳው ስንሄድ አንድ ላይ ነው።

ባለፈው ይታይሽ ደወለችልኝ። ጀሶው ወጥቷል። ጣቶቿ እሽ ብለው አይጨበጡም፤ ላም በአንድ እጇ ታልባለች። ከጥምቀት በኋላ እመለሳለሁ ትል ነበር፤ ጥምቀት አለፈ፤ እሷም አላነሳችው፣ እኔም አላነሳሁት። ልንዘጋ ስንል፣

«ሮማን፣ እማ ስለ ክንዴ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም» አለች። «ጎረቤቱ ሁሉ ጠይቆኛል። እሷ ግን ዝም። ግድ የሰጣት አይመስለኝም።»

አደራ ብለውኝ ነበር። አደራ መብላት ነውር መሆኑን አውቃለሁ።

«ታውቃለች» አልኳት። «እኔ እዚያ ሳለሁ በመጀመሪያው ጠዋት ጠይቃኛለች። የት እንደነበርሽም ገብቷታል።»

በስልኩ ውስጥ ነፋስ ብቻ ይሰማል። ከዚያ በቀጭን ድምጽ፣ «ምን አለች?» አለችኝ።

«ማን መታት አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።»

ስልኩን አልዘጋችውም። መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁት፤ ከዚያ እግሯ ሲሮጥ፣ ከዚያም ከሩቅ «እማ! እማ!» ስትል። የስልኳ ሒሳብ እስኪያልቅ ድረስ ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት ቆየሁ።